ወደ ዘጌ የሚወስደው ጀልባ፣ በመርከበኛ ዓይን

እረፍት ላይ ነኝ። እህቴና ልጇ ከአዲስ አበባ መጥተው ዘጌን ካላየን ብለው ሙጭጭ አሉብኝ። ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር ካሉት ጀልባ አከራዮች ከአንዱ ጋር ተስማማን። ስሙን አልጠራም።

ጀልባዋ መጥፎ አይደለችም። ጥላ አላት፣ ወንበሯ ንጹሕ ነው፣ ሞተሯ በአንድ ጊዜ ተነሳ። የንግድ መርከብ ሞተር ክፍል ስለምሠራ ጆሮዬ ቀድሞ የሚሄደው ወደዚያ ነው። ነጂውም ጨዋ ልጅ ነው። ታንኳ ላይ የነበሩ ዓሣ አጥማጆች ጋ ሲደርስ ማዕበሉ እንዳይንጣቸው ፍጥነቱን ቀነሰ። ሁሉም እንዲህ አያደርግም።

ችግሩ ላይፍ ጃኬቱ ነው። ሁሉም በገመድ ታስሮ ወንበር ሥር ተጠቅጥቋል። ስጠይቀው «አይ ጋሼ፣ ካስፈለገ እናወጣዋለን» አለኝ። ካስፈለገ በኋላማ ማን ሊፈታው ነው? አንዱን ጎትቼ ባወጣው መቆለፊያው ተሰብሯል፣ ፊሽካውም የለም። የልጅ ልክ ጭራሽ የላቸውም። የእህቴ ልጅ የአዋቂውን ለብሳ እጇን ወደ ላይ ብታነሳ ሙልጭ ብሎ በጭንቅላቷ ወጣ።

አካበድክ የሚለኝ አይጠፋም። ግን እኔ ቀይ ባሕርን ሚሳይልና ድሮን በሚተኮስበት ጊዜ አልፌበታለሁ። ወደ ባሕሩ ደቡባዊ ጠባብ መግቢያ፣ ባብ ኤል መንደብ፣ ስንቃረብ መርከቧ ያለችበትን የሚያሳውቀው መሣሪያ ይጠፋል። ማታ መስኮቱ ሁሉ ይሸፈናል። ያለ ሥራ ውጭ መቆም ክልክል ነው። ወጥ ቤቱ ግን ሰዓቱን አያዛንፍም፣ እኛም ታች በዚያ ሙቀት ዘይትና ግፊት እናያለን። ላይፍ ጃኬት ከእጅ አይርቅም። ሰኔ 2016 ዓ.ም. ፈንጂ የጫነች ሰው አልባ ጀልባ «ቱተር» የተባለችውን መርከብ ከኋላ ስትመታት፣ ሞተር ክፍል የነበረው ፊሊፒናዊ ሳይወጣ ቀረ። ሥራው የእኔው ሥራ ነው። እናቴ ግን እስከ ዛሬ በሌላ መንገድ የሄድኩ ይመስላታል።

ዘጌ እንደተባለላት ናት። የዑራ ኪዳነ ምሕረትን የግድግዳ ሥዕሎች ቀስ ብላችሁ እዩ፣ ቡናውንም ቅመሱ። መመለሻው ላይ የከሰዓቱ ነፋስ ተነስቶ ውኃው ፊታችንን ሲገርፈን ነጂው ራሱ ገመዱን መፍታት ጀመረ።

ነጂውን ወድጄዋለሁ፣ ጉርሻም ሰጥቼዋለሁ። ጃኬቱን መግዛት የባለቤቱ ፋንታ ነው። በጠዋት ውጡ። ከመክፈላችሁ በፊት ጃኬቱን አስወጥታችሁ ልበሱት። ልጅ ይዛችሁ ልኳ ከሌለ ሌላ ጀልባ ፈልጉ።