ሱቁ ውስጥ የሰራው ዋይፋይ ቤት ሲደርስ የለም፤ ሐዋሳ ያላችሁ ተጠንቀቁ

ንዴቴ ሳይበርድ ነው የምጽፈው፣ ፊደል ብስት ይቅርታ። ፒያሳ አካባቢ ካሉት የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች በአንዱ ሆም ቴአትር (ከቲቪ ጋር የሚሰራ ማጫወቻና ስፒከር) ስገዛ ነው የሆነው። ስሙን አልጠራም። ዓይነቱን ግን ታውቁታላችሁ። በሩ ላይ ስፒከር ደርድሮ መንገዱን በሙዚቃ የሚያናውጥ፣ ገና ደረጃውን ስትረግጡ "ግቡ ግቡ፣ የዱባይ ዕቃ ነው" የሚል፣ ዋጋ ስትጠይቁት መልሶ "ስንት ይዘሻል?" የሚል።

የፈለግኩት ነገር ግልጽ ነበር። ብሉቱዝ ያለው ስፒከር ቤት አለን። ግን ስልክ በተደወለ ቁጥር መዝሙሩ ይቋረጣል። ስልኬን ይዤ ጓሮ ስወጣ ይቆራረጣል፣ ገበያ ስሄድ ጭራሽ ዝም ይላል። የስልክ ብሉቱዝ ከ10 ሜትር ብዙም አያልፍም፤ መሃል ላይ የብሎኬት ግድግዳ ካለ እሱም አይገኝም። እማዬ ደግሞ ጠዋት መዝሙር ሳትከፍት ቡና አታፈላም። ስለዚህ ከራውተሩ ጋር ራሱ የሚገናኝ ሆም ቴአትር ፈለግኩ። ላፕቶፑ ላይ ያለውን የመዝሙር ፎልደር በቤቱ ኔትወርክ በኩል አንብቦ የሚያጫውት፣ እኔ ቤት ኖርኩ አልኖርኩ የማይገደው። ይሄ የጨረቃ ቴክኖሎጂ አይደለም። ዲኤልኤንኤ ይሉታል፣ ከመጣ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል።

ይህንን ሁሉ ሱቁ ውስጥ ለሚሸጠው ልጅ ነገርኩት። "ብሉቱዝ አይደለም የምፈልገው፣ በዋይፋይ ከራውተር ጋር የሚገናኝ ነው" አልኩት። "እህቴ፣ ይሄ ሁሉም አለው። ዋይፋይ በይ፣ ዩቱብ በይ፣ የዘንድሮ ሞዴል ነው" አለኝ።

እኔ ደግሞ በቃል የምታመን ሰው አይደለሁም። "ስልክህ ላይ ብሉቱዙን አጥፋው" አልኩት። ፈገግ ብሎ አጠፋው። ዘፈኑ ቀጠለ። "ሴቲንጉን ክፈትልኝ" አልኩት። ከፈተው፤ የሱቁ ዋይፋይ ስም ከነሙሉ ሲግናሉ ቲቪው ላይ ተደቀነ። አዳማ ላለችው እህቴ ቪዲዮ ቀርጬ ላኩላት፣ "ግዢው ግዢው" አለችኝ። 28,000 ብር ተስማማን።

አሁን ይቺን ቦታ በደንብ አንብቡልኝ። በቴሌብር ልከፍል ስልኬን አወጣሁ። ባለቤቱ ከጠረጴዛው ጀርባ ሆኖ ቁጥሩን እየጠራልኝ ነው፣ "ስሙን አረጋግጪ፣ እንዳትሳሳቺ" ይለኛል፣ አሳቢ ሆኖ። በዚያው ቅጽበት ልጁ ማሽኑን ዞር አድርጎ ገመዶቹን መንቀል ጀመረ። ከኋላው አንዲት ፍላሽ የምታክል ጥቁር ነገር፣ ጫፏ ላይ ሰማያዊ መብራት ያላት፣ ብድግ አድርጎ ነቅሎ ኪሱ ከተታት። አልተደበቀም እኮ! ዓይኔ እያየ ነው። ቀና ብዬ "ምንድን ናት?" አልኩት። ሳይደነግጥ፣ ሳይቸኩል፣ "የኛ ፍላሽ ናት፣ ዘፈን ያለባት" አለኝ። እሺ አልኩ። የሰው ፍላሽ ምን ያደርግልኛል? ፒን ኮዴን አስገባሁና ብሩ ሄደ። ልጁ ካርቶኑን በፕላስተር አሽጎ፣ ባጃጅ ድረስ ተሸክሞልኝ፣ "በደስታ ተጠቀሚበት" ብሎ መርቆ ሸኘኝ። ያቺ ምርቃት ናት እስካሁን የምታቃጥለኝ።

ቤት አቶቴ ደርሼ ሰካሁት። ዋይፋይ የሚለውን ስነካው ማሽኑ "የዋየርለስ አዳፕተር አልተገኘም" አለኝ፣ ዋይፋይ የሚቀበልበት ዕቃ የለኝም ማለቱ ነው። ደግሜ ሞከርኩ፣ ያው ነው። የኔትወርክ ሥራ የሚሰራ የጎረቤት ልጅ ጠራሁ። ማሽኑን ሳይሆን ካርቶኑን ነው መጀመሪያ ያገላበጠው። ታች ጥግ ላይ በደቃቅ ፊደል፣ የዋየርለስ አዳፕተሩ ለብቻው እንደሚሸጥ ተጽፏል። ማሽኑ ውስጥ ዋይፋይ የሚባል ነገር የለም ማለት ነው። ዋይፋዩ ያቺ "ፍላሽ" ነበረች።

ቪዲዮዬን መልሼ ከፈትኩት። ከኋላ በኩል ሰማያዊ መብራቷ ብልጭ ብልጭ ትላለች። እህቴ እንኳን አይታታለች፤ "ቆንጆ መብራት አላት" ብላ ጽፋልኛለች።

የጎረቤቴ ልጅ እሱ ቤት ያለውን የኮምፒውተር የዋይፋይ አዳፕተር አምጥቶ ሰካበት። ማሽኑ አላወቀውም። እነዚህ የድሮ ሆም ቴአትሮች የራሳቸውን ፋብሪካ አዳፕተር ካልሆነ አይቀበሉም። የድሮ ያልኩት ያለምክንያት አይደለም፣ ከጀርባው ያለው ጽሁፍ የተመረተው በ2011 እ.ኤ.አ. መሆኑን ይናገራል። የዘንድሮ ሞዴል! ዩቱቡም ምልክቱ ብቻ ነው ያለው፣ ስትነኩት ስህተት ይላል። ዩቱብ በ2015 እ.ኤ.አ. አሮጌውን አሠራሩን ሲዘጋ በ2012 እና ከዚያ በፊት የተመረቱ የብዙ ቲቪዎችና ማጫወቻዎች መተግበሪያ አብሮ ሞቷል። ማንም ጠጋኝ አያስነሳውም።

በማግስቱ ካርቶኑን በባጃጅ ጭኜ ሄድኩ። ትናንት "እህቴ" ይለኝ የነበረው ልጅ ዛሬ አላወቀኝም። ባለቤቱ ከስልኩ ዓይኑን ሳያነሳ "እዚህ ሰርቶልሻል አይደል? ሰፈራችሁ ያለው ኔትወርክ ነው" አለ። ማሽኑ አዳፕተር የለኝም እያለ የሰፈሬ ኔትወርክ ምን አገባው? ይህንኑ አልኩት። "የኔ እናት፣ አንቺ አይገባሽም፣ ባልሽን ወይ ወንድምሽን ላኪው፣ ለሱ አስረዳዋለሁ" አለኝ። ሱቁ ውስጥ የነበሩት ሳቁ። ደሜ ፈላ። ቪዲዮውን ከፍቼ ፊቱ ላይ ደቀንኩት። አየ። አልካደም። "እሷ ለብቻዋ ነው የምትሸጠው፣ 4,500 ጨምሪና ውሰጃት" አለኝ፣ ውለታ እንደዋለልኝ ሰው። አንዱን ዕቃ ቆራርጦ ሁለቴ መሸጥ እኮ ነው።

ይሄ ሁሉ ሲሆን ያቺው አዳፕተር ቀጥሎ ያለው ሆም ቴአትር ጀርባ ላይ ተሰክታ ታበራለች። ልጁ ለሌላ ገዢ ብሉቱዙን አጥፍቶ እያሳየው ነው። አላስቻለኝም። "ወንድሜ፣ ከኋላ ያለችውን ጠይቀው" አልኩት። ሰውየው ዞሮ አየና ጠየቀ። ልጁ ምን ቢለው ጥሩ ነው? "የኛ ፍላሽ ናት።" ቃል በቃል! ባለቤቱ ያኔ ነው ከስልኩ ቀና ያለው፤ "ደንበኛ አታባርሪብኝ፣ ውጪልኝ" ብሎ ካርቶኔን በእግሩ ወደ በሩ ገፋው። ሰውየው ይግዛ አይግዛ አላውቅም።

ደረሰኝ ብትሉኝ፣ በእጅ የተጻፈች ወረቀት ናት፤ ከላይዋ "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" የሚል ማኅተም አለባት። የካሽ ሬጂስተር ደረሰኝ ስጠይቅ 15 ፐርሰንት ይጨመራል ብሎኝ ነበር፣ ይሄንን ጨዋታ ታውቁታላችሁ። ግን የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ብሩ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል ይላል። የሱቅ ማኅተም አዋጅ አይሽርም።

ድምጹን ግን አልዋሽም፣ አይታማም። የላን ሶኬቱም (የኔትወርክ ገመድ የሚሰካበት) ይሰራል። ለጊዜው ከራውተሩ እስከ ሳሎን የኔትወርክ ገመድ ዘርግተንለት የላፕቶፑን ፎልደር ያነባል፤ እማዬም መዝሙሯን አግኝታለች። ላን እንዲህ ነው፣ ለአንድ ቤት ርቀቱ አያሳስብም፣ አንዱ ገመድ እስከ 100 ሜትር ይሄዳል። ግን እኔ በ28,000 ብር የገዛሁት ሳሎኑን የሚያቋርጥ ገመድ አልነበረም። ገመድ ከሆነማ በዚህ ዋጋ ግማሽ የሚሻል ይገኝ ነበር።

የምትገዙ ካላችሁ፣ ከጀርባው የተሰካውን ሁሉ አስነቅላችሁ ባዶውን ከስልካችሁ ሆትስፖት ጋር እንዲገናኝ አድርጉት፤ የተገናኙት ዝርዝር ላይ ስሙ ካልመጣ ተዉት። የተመረተበትን ዓመትም አንብቡ። ካርቶኑ ሲታሸግ ደግሞ ስልካችሁን ኪሳችሁ ክተቱ፣ ክፍያው ይቆያል።

እኔ ወረቀቷንና ቪዲዮውን ይዤ ንግድ ቢሮ ልሄድ ነው። ከዚያው አካባቢ ገዝታችሁ "የኛ ፍላሽ ናት" የተባላችሁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ሁለት ሦስት ሆነን ብንሄድ ይሻላል። የዚህን ዓይነት ማሽን ኦሪጅናል አዳፕተር ተርፎት የሚሸጥ ካለም ይጻፍልኝ፣ ለእነሱ ግን 4,500 አልከፍልም።