ከውሻ ጋር ፓድል ቦርድ፦ የሚነፋውን ልግዛ ወይስ ሃርዱን?

ስለ ፓድል ቦርድ፣ ማለትም ላዩ ላይ ቆመው በመቅዘፊያ ስለሚነዱት የውሃ ላይ ሰሌዳ፣ የሚጻፈው አብዛኛው ንጽጽር ብቻውን ለሚቀዝፍ ሰው ነው፣ የትኛው ይፈጥናል፣ የትኛው ቀጥ ብሎ ይሄዳል ምናምን። ውሻ ሲጨመር ግን ጥያቄው ሌላ ነው። ጥፍር ያለው፣ ክብደቱን ከግራ ወደ ቀኝ የሚያዘዋውር፣ ወፍ ባየ ቁጥር ብድግ የሚል ተሳፋሪ ይዛችሁ ነው የምትወጡት፣ ስለዚህ ቦርዱ ለእሱም የሚመች መሆን አለበት። ሁለቱንም አይነት፣ በአየር የሚነፋውንም ጠንካራውን (ሃርዱን)ም፣ ከውሻ ጋር ተጠቅሜባቸዋለሁ፣ አቋሜን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፦ ለአብዛኛው የውሻ ባለቤት ሰፋ ያለ የሚነፋ ቦርድ ይሻላል፣ ግን ሃርዱ የሚያሸንፍበት ቦታም አለ፣ እና ከሁለቱም በላይ የሚወስነው ሰው ልብ የማይለው አንድ ነገር ነው፣ እሱም ላዩ ላይ የተለጠፈው ፎም ምንጣፍ የት ድረስ እንደሚደርስ።

መጀመሪያ አሠራራቸውን እንይ። የሚነፋው ፒቪሲ ከሚባል ፕላስቲክ የተሠራ ነው፣ ውስጡ የላዩንና የታቹን ጨርቅ የሚያያይዙ እጅግ ብዙ ቀጫጭን ክሮች አሉት፣ ለዛ ነው ሲነፋ እንደ ኳስ ሳይከብ ጠፍጣፋ ሆኖ የሚጠነክረው። ብዙዎቹ 15 ሳንቲሜትር ውፍረት አላቸው፣ የሚሞሉትም ከ12 እስከ 15 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) አካባቢ ነው፣ ከዛ በላይ የሚችሉም አሉ። ሃርዱ ደግሞ ውስጡ ፎም ሆኖ ውጪው በፋይበርግላስና ደርቆ በሚጠነክር ሙጫ መሰል ነገር፣ በኢፖክሲ፣ የተሸፈነ ነው።

አሁን ወደ ጥፍሩ። ሰው ሁሉ የሚፈራው ጥፍር የሚነፋውን ይበሳዋል ብሎ ነው። በደንብ የተሠራ ቦርድ ፒቪሲው ወፍራም ስለሆነ በተለመደው የውሻ እርምጃ አይበሳም፣ ጥፍሩ ደግሞ ተቆርጦ ዳርዳሩ ከለሰለሰ ጭራሽ አያሳስብም። የሚጎዳው ምንጣፉ ነው፣ በተለይ መሬት እንደሚቆፍር የሚጭር ውሻ ካላችሁ ከጊዜ ጋር ይልጠዋል። ሃርዱ ላይ የጥፍር ጭረት መልክ ከማበላሸት አያልፍም፣ የሱ ጠላት ድንጋይ ነው። ከዳርቻ ድንጋይ ጋር ተጋጭቶ ከተሰነጠቀ ውሃ ወደ ፎሙ ይገባል፣ ከዛ ማድረቅና መድፈን ሊኖርባችሁ ነው፣ ሳይደርቅ ከተደፈነ ደግሞ ውሃው እዛው ውስጥ ይቀራል።

ግን ዋናው ጉዳይ መንሸራተት ነው። ብዙ ሃርድ ቦርዶች ላይ ምንጣፉ ሰውየው የሚቆምበትን መሀሉን ብቻ ነው የሚሸፍነው፣ የቦርዱ አፍንጫ፣ ማለትም የፊት ጫፉ፣ አካባቢ ባዶና የሚያብረቀርቅ ነው። ውሻው የሚቀመጠው ደግሞ እዛው ፊት ላይ ነው! እርጥብ ኢፖክሲ ላይ የቆመ ውሻ አይታችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ፣ ጣቶቹን ይዘረጋል፣ ጥፍሩ ይንሸራተታል፣ የኋላ እግሮቹ ወደ ጎን ይከፈታሉ፣ ከዛ ሰውነቱ ይደርቅና አልንቀሳቀስም ይላል። አንዴ እንደዛ የፈራ ውሻን መልሶ ማለማመድ ጊዜ ይፈጃል። ስለዚህ የትኛውንም ብትገዙ ምንጣፉ እስከ አፍንጫው የሚደርስ ይሁን፣ ሃርዱ ይህ ከሌለው ተጨማሪ ፎም ገዝቶ መለጠፍ ይቻላል። ቀለሙ ደሞ ፈዘዝ ያለ ይሁን፣ ጥቁር ምንጣፍ ፀሐይ ላይ መዳፍ ያቃጥላል።

ስፋትና ክብደት ላይ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። 1 ሊትር ይዘት ንጹህ ውሃ ላይ 1 ኪሎ ገደማ ይሸከማል፣ የቦርዱን የራሱን ክብደት ጨምሮ ማለት ነው። 320 ሳንቲሜትር ርዝመትና 81 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው የሚነፋ ቦርድ ብዙ ጊዜ ወደ 300 ሊትር ይጠጋል፣ ተመሳሳይ ርዝመትና ስፋት ያለው ሃርድ ግን ቀጠን ስለሚል 180 አካባቢ ሊሆን ይችላል። እናንተ 75 ኪሎ፣ ውሻው 30፣ ቦርዱ 13 ቢሆን 118 መጣ፣ ሃርዱም ይችለዋል ግን ትርፉ ጠባብ ነው፣ ውሻው ወደ ፊት በሄደ ቁጥር አፍንጫው ወደ ውሃው ይዘቀዘቃል። ለትንሽ ውሻ 81 ሳንቲሜትር ስፋት ይበቃል፣ ከ25 ኪሎ በላይ ከሆነ ግን እኔ ከ86 በታች አልገዛም። ስትቆሙ ደግሞ ከመሀሉ እጀታ ትንሽ ወደ ኋላ ሁኑ፣ የእሱን ክብደት የምታካክሱት እንደዛ ነው።

የሚነፋው አንድ ድክመት አለው፣ በደንብ ካልተሞላ ሁለት አካል ሲጫንበት መሀሉ ላይ ይጎብጣል፣ ውሃም ይቋጥራል። ፓምፕ ማድረግ ሰልችቷችሁ 8 ፒኤስአይ ላይ ካቆማችሁ የምትቀዝፉት ሌላ ቦርድ ነው። ባለ ሁለት ንብርብር የሆኑት ይበልጥ ይጠነክራሉ፣ ለከባድ ውሻ ልዩነቱ ይታወቃል። ንፋስ ላይም ከፍ ብሎ ስለሚንሳፈፍ ቶሎ ይገፋል፣ እዚህ ላይ ሃርዱ ግልጽ ብልጫ አለው።

ሃርዱ ሌላም የሚያሸንፍበት አለ። ውሻው ይዘላል፣ አትጠራጠሩ፣ ሲዘል ቦርዱ ወደ ኋላ ይሸሻል እናንተም ትወዛወዛላችሁ። ከዛ መመለሱ ነው ሥራው። ሃርዱ ከውሃው ብዙ ስለማይነሳ የፊት እግሮቹን ጠርዙ ላይ ለመጣል ይቀለዋል፣ የሚነፋው ግን ጠርዙ ወፍራምና ድቡልቡል ስለሆነ እየደጋገመ ሊንሸራተት ይችላል። መፍትሔው ለውሻው የሚለበስ ላይፍ ጃኬት (ውሃ ላይ የሚያንሳፍፍ ልብስ) ነው። ተንበርከኩ፣ ክብደታችሁን ወደ ሌላኛው ጎን አድርጉ፣ ጀርባው ላይ ያለውን እጀታ ይዛችሁ እሱ ሲገፋ እናንተ ሳቡት። ላይፍ ጃኬት ስትመርጡም ሁለት አይነት ታገኛላችሁ፣ ሰውነት ላይ የሚጣበቅ፣ ኒዮፕሪን ከሚባል ላስቲክ መሰል ነገር የተሠራ ቀጭን ጃኬትና ወፈር ያለ የፎም ጃኬት። ቀጭኑ ያሞቀዋል፣ ለመንቀሳቀስም ይመቻል፣ ግን ፎም ያልገባበት ከሆነ ብዙም አያንሳፍፍም። ለፓድል ቦርድ ፎሙን ግዙ፣ ጠንካራ እጀታ ያለውን፣ መጠኑም በደረቱ ዙሪያ ተለክቶ። እንደ ቡልዶግና ፐግ ያሉ አፍንጫቸው አጭር የሆኑ ውሾች ዋና ስለሚከብዳቸው ከአገጭ ሥር ማንሳፈፊያ ያለው ይሻላቸዋል። ውሻውን ከቦርዱ ጋር በገመድ እንዳታስሩት፣ ቦርዱ ሲገለበጥ ገመዱ ከሥር ይይዘዋል።

ማጓጓዝ ላይ ብዙ መከራከር አያስፈልግም፣ የሚነፋው ተጠቅልሎ ቦርሳ ውስጥ ይገባል፣ ሃርዱ መኪና አናት ላይ መታሰር አለበት፣ ቤት ውስጥም ከ3 ሜትር በላይ ቦታ ይፈልጋል። በእጅ መንፋት ግን 10 ደቂቃ አካባቢ ይወስዳል፣ በዛ ሰዓት ውሻው ፀሐይ ላይ እየተቅበጠበጠ ስለሚጠብቅ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ብትጨምሩበት አይቆጫችሁም። የሚነፋውን ሞልታችሁ ፀሐይ ላይ አትተዉት፣ አየሩ ሲሞቅ ግፊቱ ይጨምራል፣ ስፌቱንም ሊያላቅቀው ይችላል። እርጥቡን ጠቅልላችሁ ካስቀመጣችሁት ደግሞ ይሻግታል።

ሶስተኛ ምርጫም አለ፣ ላዩ ሙሉ በሙሉ ለስላሳ ፎም የሆነ ሃርድ ቦርድ። ለውሻ መዳፍ በጣም አሪፍ ነው፣ ጥፍር ግን ቶሎ ይቦጫጭረዋል፣ ክብደቱም ለብቻ ለሚሸከም ሰው ያስቸግራል።

እንግዲህ ውሃ አጠገብ የምትኖሩ፣ ማስቀመጫ ያላችሁና ውሻችሁ መካከለኛ ከሆነ ሃርዱን ግዙ፣ ምንጣፍ ጨምሩበት። አፓርታማ ውስጥ ከሆናችሁ ወይ ውሻው ትልቅ ከሆነ የሚነፋውን፣ 335 በ86 ሳንቲሜትር አካባቢ። ከመክፈላችሁ በፊት ሜትር አውጡና ውሻው እግሩን ዘርግቶ ሲተኛ ስንት ሳንቲሜትር እንደሚይዝ ለኩ፣ ከእጀታው ፊት ለፊት ያለው ምንጣፍ ከዛ ካጠረ ሻጩ ምንም ቢል ያንን ቦርድ እለፉት።