ለታማሚው መንገር ወይስ ለቤተሰቡ ብቻ?

ሕመሙ እንደማይድን ሲታወቅ፣ እኛ ዘንድ የተለመደው ለቤተሰብ ብቻ መንገር ነው። ሐኪሙ ታላቁን ልጅ ወደ ጎን ይጠራል፤ ለአባት ግን «ጨጓራ ነው፣ ይሻልዎታል» ይባላል። ተስፋ ቆርጠው ቶሎ እንዳይሞቱ ተብሎ ነው። ጠያቂውም «እግዚአብሔር ይማርዎት» ብሎ ይወጣል። ለጥቂት ቀን ሰላም ይሰጣል፣ አልክድም። ግን አባት ሞኝ አይደሉም። በር ላይ የሚንሾካሾኩትን ያያሉ፤ ሲፈሩም ብቻቸውን ይፈራሉ።

እኔ ግልጹን መንገድ እመርጣለሁ፤ ሲጀመር ቢከብድም። ሁሉንም በአንዴ ማፍረጥ አያስፈልግም። «ስለ ሕመምዎ ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ?» ተብሎ ይጀመራል። አልፈልግም ካሉ መብታቸው ነው። ካወቁ ግን የነፍስ አባታቸውን ያስጠራሉ፣ ከተጣሉት ይታረቃሉ፣ ያለባቸውን ዕዳ ይናገራሉ።

የቤትም ነገር አለ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ቤት በቃል ኑዛዜ አይተላለፍም፤ በቃል የሚሰጥ እያንዳንዱ ስጦታ ከ500 ብር መብለጥ የለበትም። በግልጽ የሚደረግ የጽሑፍ ኑዛዜ ደግሞ በመርህ ደረጃ 4 ምስክሮች ባሉበት ተነብቦ ይፈረማል። «ጨጓራ ነው» የተባለ ሰው ምስክር ሰብስቡልኝ አይልም።