ለቪትዝ ዘይት ማፍሰስ፦ ኦርጅናል፣ የጃፓን ወይስ ኮፒ?

መኪናችን ዘይት ሲያፈስ መጀመሪያ የምንጠይቀው «ኦርጅናሉ ይሻላል ወይስ ኮፒው?» ብለን ነው። ለእኔ ግን የሚቀድመው ሌላ ነው። ዕቃው ለየትኛው ሞተር ነው?

ይህን የተማርኩት ከፍዬ ነው። «የ2000 ቪትዝ የቫልቭ ከቨር ጋስኬት» ብዬ ገዛሁ፤ የሞተሩን የላይ ክዳን ዙሪያ የሚያሽገው ጎማ ነው። ጋራዥ ሄደን ክዳኑ ተከፈተ፣ ጋስኬቱ ግን ቦታው ላይ አልተቀመጠም። የተሰጠኝ 2ኤንዜድ (2NZ) ለሚባለው ሞተር ነው፤ የእኔ ሞተር 1ኤስዜድ (1SZ)። ከውጭ ሲታዩ ሁለቱም ያው ቪትዝ ናቸው። የመጀመሪያው ትውልድ ቪትዝ 1.0 ሊትር ከሆነ 1ኤስዜድ ነው፣ 1.3 ከሆነ ብዙ ጊዜ 2ኤንዜድ። እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2010 የመጣው ሁለተኛው ትውልድ ደግሞ 1.0ው ባለ ሦስት ፒስተን 1ኬአር (1KR) ነው፣ 1.3ው አብዛኛውን ጊዜ 2ኤስዜድ (2SZ)። ስለዚህ ሊብሬውን ይዛችሁ ሂዱ። ሞተሩ ተቀይሮ ከሆነ ግን ሊብሬው ሊያሳስታችሁ ይችላል፤ ብሎኩ ላይ የተመታውን አንብቡ። በሌላ በኩል ካርቶኑ ላይ «ኮሮላ» ስለተጻፈ ብቻ አትመልሱት። 2ኤንዜድ የገባበት ኮሮላ አለና።

አሁን ወደ ምርጫው።

የቫልቭ ከቨር ጋስኬት ላይ ኦርጅናል ካልሆነ አልገዛም አልልም። የቶዮታ ባይሆንም ጥሩ የጃፓን ስሪት ይበቃል፤ ቢበላሽም ክዳኑን መልሶ መክፈት ከባድ ሥራ አይደለም። አሮጌውን ከአዲሱ ጋር አስተያዩ፣ ግን ርዝመቱን አትመኑ፤ ሙቀት አሮጌውን አድርቆ አሳጥሮታል። ማዕዘኖቹን እዩ። ከሁሉም የሚሻለው ክዳኑን ራሱን ይዞ ሄዶ ጎድጎዱ ላይ ማስቀመጥ ነው። ሳይሳብ ሳይጨማደድ መግባት አለበት። ካንዴላው ጉድጓድ ውስጥ ዘይት ካለ የዚያ ቀለበት አብሮ መኖሩን ጠይቁ።

የክራንክ ሲል ላይ ግን (ክራንኩ ከሞተሩ በሚወጣበት ቦታ ዘይት የሚያግደው ቀለበት) ኮፒ አትግዙ። በተለይ የኋላውን። እሱን ለመቀየር ካምቢዮ ይወርዳል፤ ሲሉ ላይ ያተረፋችሁት ብር ለጉልበት ዋጋ ሁለት ጊዜ ይወጣል። ርካሹ ብዙ ጊዜ ተራ ጎማ ነው፣ በሙቀት ቶሎ ይደርቃል። ቫይተን የሚባለው የጎማ ዓይነት ግን እስከ 200 ዲግሪ አካባቢ ይችላል። ቀለሙን አይታችሁ ግን አትፍረዱ፤ ቡናማ ሁሉ ቫይተን አይደለም። ፊቱ ላይ ሦስት ቁጥሮች ካሉ የውስጥ ስፋት፣ የውጭ ስፋትና ውፍረት ናቸው፣ በሚሊሜትር። ከአሮጌው ጋር አንድ በአንድ አመሳክሩ። የመዞሪያ ቀስት ካለውም አቅጣጫው ይመሳሰል።

የ2ኤንዜድ የዘይት ቋት ከፋብሪካ ሲወጣ የተለጠፈው በጋስኬት ሳይሆን በሲሊኮን ነው። ዘይት የሚችል የሞተር ሲሊኮን ግዙ፣ የመስታወቱን አይደለም። የማፍሰሻውን ቡሎን ዋሸርም አብራችሁ ቀይሩ።

አንድ ነገር ልጨምር። የሞተሩን የውስጥ ጋዝ የሚያስወጣው ፒሲቪ ቫልቭ ከተደፈነ ሞተሩ ውስጥ ግፊት ይጠራቀማል፣ ኦርጅናሉንም ጋስኬት ያስፈሳል። ፈትታችሁ ነቅንቁት፤ ካልተንኳኳ ቀይሩት።

ሶማሌ ተራም ግዙ ሌላ ቦታ፣ ሒሳብ ከመክፈላችሁ በፊት «ሳይቀባ ካልገጠመ እመልሳለሁ» ብላችሁ ተስማሙ። ሲሊኮን የነካውን ማንም አይመልስላችሁም።