ከ41,000 ምት በኋላ፦ 9 ወር ከአንድ የአልሙኒየም ዳይ ካስቲንግ ሞልድ ጋር

ዳይ ካስቲንግ የቀለጠ አልሙኒየም በግፊት ወደ ስቲል ሞልድ አስገብቶ ዕቃ ማውጣት ነው፤ አንዱ ዙር ምት ይባላል። ሞልዱን የተረከብን ሰሞን ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስንት ምት እንደሚችል ነበር። ዛሬ ቆጣሪው 41,000ን አልፏል፤ ሞልዱም እየሠራ ነው። አሁን ያንኑ ጥያቄ ብጠየቅ መጀመሪያ የማየው ስቲሉን ሳይሆን የዕቃውን ድሮዊንግ ነው። በነዚህ 9 ወራት ያስቸገረን ነገር አብዛኛው መነሻው እዚያ ላይ ስለነበር።

ዕቃው የውሃ ፓምፕ ሞተር ክዳን ነው። ክብደቱ 420 ግራም ገደማ፣ የግድግዳው ውፍረት 2.5 ሚሊ ሜትር፣ ብሎን የሚገባባቸው 4 ጉብታዎች አሉት። የምናፈሰው ኤ380 የተባለ የአልሙኒየም ቅይጥ ነው፤ ማሽኑ ባለ ቀዝቃዛ ቻምበር (አልሙኒየሙ ሌላ ቦታ ቀልጦ በየምቱ የሚጨመርበት) ሆኖ በ250 ቶን ኃይል ይዘጋል። ይህን መጠን የመረጥነው በስሌት ነው። ዕቃው፣ አልሙኒየሙ የሚመጣበት ቦይና የትርፍ መቀበያ ኪሶቹ አንድ ላይ ፊት ለፊት ሲታዩ 210 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሸፍናሉ። በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ 700 ኪሎ ግራም ግፊት ሲያርፍ ሞልዱን ሊከፍት የሚገፋው ኃይል 147 ቶን ይመጣል። ከዚያ በላይ ያለው መጠባበቂያችን ነው፤ እስካሁንም የመዝጊያ ኃይል አንሶን አያውቅም።

ከሁሉ አስቀድሜ የማመሰግነው የሠሪዎቹን አንድ ውሳኔ ነው። ቀልጦ የገባው አልሙኒየም በቀጥታ የሚመታውን የጌት (ፈሳሹ ወደ ዕቃው ቅርጽ የሚገባበት ጠባብ በር) አካባቢና ኮር ፒኖቹን (ዕቃው ውስጥ ቀዳዳ የሚያስቀሩትን ዘንጎች) ከዋናው ብሎክ ለይተው ተነቃይ አድርገዋቸዋል። ሁሉም ኤች13 ከተባለ ሙቀት ከሚችል ስቲል የተሠሩ ናቸው፤ ጥንካሬያቸው በሮክዌል ሲ መለኪያ 46 ነው። ያኔ ይህ ለምን እንዳስፈለገ አልገባኝም ነበር። በኋላ አንድ ፒን በሁለት ሰዓት ቀይረን ወደ ሥራ ስንመለስ ገባኝ።

የመጀመሪያው ችግር ከጉብታዎቹ መጣ። ግድግዳው 2.5 ሚሊ ሜትር ሆኖ ሳለ የጉብታው ሥር 9 ሚሊ ሜትር ድፍን ነበር። ቀጭኑ ግድግዳ ቶሎ ይረጋል፤ ወፍራሙ ሥር ግን መሐሉ ፈሳሽ እንደሆነ ይቆያል። በመጨረሻ ሲረጋ ይኮማተራል፤ የጎደለውን የሚሞላለት ፈሳሽ ደግሞ መንገዱ ተዘግቷል። ከውጭ ሲታይ ዕቃው እንከን የለውም። የብሎን ጥርስ ለማውጣት ስንበሳው ነው ጉዱ የታየው፦ በቀዳዳው ግድግዳ ላይ ስፖንጅ የመሰለ፣ ጥቁር ጥቁር ነጥብ የበዛበት ክፍተት። በአየር ግፊት ስንፈትሽ ከ10 ክዳን 3ቱ ያፈሱ ነበር።

መፍትሔው የጉብታውን ቀዳዳ የሚያወጣውን ኮር ፒን ርዝመት መጨመር ነበር። ፒኑ ወደ ጉብታው ውስጥ ጠልቆ እንዲገባ ስላደረግን የሥሩ ውፍረት ወደ 3.5 ሚሊ ሜትር ወረደ፤ ማፍሰሱም ቆመ። ሞልዱን ራሱን አልነካነውም። ገና ዲዛይን ላይ ያለ ሰው ይህን ልብ ይበል፦ ዕቃው ሲወፍር የሚጠነክር ይመስላል፤ በዳይ ካስቲንግ ግን ወፍራም ቦታ ብዙውን ጊዜ ደካማው ቦታ ነው። ጥንካሬ ካስፈለገ ቀጭን ሪብ (ግድግዳውን የሚደግፍ አጥንት) መጨመር ይሻላል።

ወደ 15,000 ምት ሲጠጋ ዕቃው ከሞልዱ አልለቅ ማለት ጀመረ። በጌቱ ትይዩ የቆመው ፒን ላይ አልሙኒየም ተለጥፎ ነበር። ፒኑን አውጥቼ በእጄ ሳገላብጠው አንዱ ጎኑ የሰም ጠብታ የፈሰሰበት ይመስል ነበር፤ ባጸዳሁት ጊዜ ከሥሩ ስቲሉ ተበልቶ አገኘሁት። ስቲል በአብዛኛው ብረት ነው፤ የጋለ አልሙኒየም ደግሞ ብረት ያሟሟል። ጌቱ ጋ ፈሳሹ በሴኮንድ 40 ሜትር ገደማ ስለሚወረወር ፊት ለፊቱ የቆመ ነገር ሁሉ ይቦረቦራል። ኤ380 ውስጥ ወደ 1 በመቶ የሚጠጋ ብረት እንዲኖር የሚፈለገውም ለዚህ ነው፤ አልሙኒየሙ አስቀድሞ ብረት ከጠገበ የሞልዱን አይሻም። ብረቱ ሲበዛ ግን ከማንጋኒዝና ከክሮሚየም ጋር ተዋህዶ ጠጣር ፍሬ ይሠራና የማሽኒንግ መሣሪያ ይፈጃል። መዝገቡን ወደ ኋላ ሄደን ስናይ መለጠፉ የባሰው የብረት መጠኑ 0.6 በመቶ ብቻ የሆነ አልሙኒየም ባፈሰስንበት ሳምንት ነበር። ፒኑን ክሮሚየም ናይትራይድ በተቀባ ተካነው፤ ጌቱንም ፈሳሹ በፒኑ ጎን እንዲያልፍ ትንሽ አዞርነው። ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም።

ለመለጠፉ የራሳችንም እጅ አለበት። ዕቃው በቀላሉ እንዲወጣ ለውስጥ ግድግዳዎቹ የሚሰጠውን ዝንባሌ 1 ዲግሪ አድርገን ነበር ያዘዝነው። አልሙኒየም ሲቀዘቅዝ ወደ ውስጥ ተኮማትሮ ኮሩን (የዕቃውን ውስጥ የሚቀርጸውን የሞልዱን ክፍል) ያንቃል፤ ስለዚህ የውስጡ ግድግዳ ከውጪው የበለጠ ዝንባሌ ይፈልጋል። 2 ዲግሪ ማለት ነበረብን። ፖሊሹም ቢሆን መጨረሻው ዕቃው በሚወጣበት አቅጣጫ መሆን አለበት። አግድም የቀረች ጭረት፣ በዓይን ባትታይም፣ በየምቱ ዕቃውን ትይዛለች።

በ22,000 ምት አካባቢ ጌቱ ጋ ያለውን ክፍል በጥፍሬ ስዳስስ አንድ የሚያደናቅፍ ነገር ነካሁ። በማጉያ መነጽር ሳየው የደረቀ ጭቃ የመሰለ መረብ መረብ ስንጥቅ ነበር። በዕቃው ላይም ያው መረብ ቀጭን ጉብ ጉብ መስመር ሆኖ ታትሟል። ብዙ ሰው ሞልድን የሚሰነጥቀው ግፊቱ ይመስለዋል፤ እዚህ ግን የሰነጠቀው የሙቀት መፈራረቅ ነው። 660 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ የሞቀ አልሙኒየም ሲያርፍበት የስቲሉ ገጽ መለጠጥ ይፈልጋል፤ ከሥሩ ያለው ቀዝቃዛ አካል አይለቀውም። ወዲያው ደግሞ ውሃ ያለበት ማለስለሻ ይረጭበታል፤ ገጹ በተራው መኮማተር ሲፈልግ ይሳባል። ይህ በየምቱ ይደጋገማል።

ሞልዱን ሳናሞቅ ጠዋት ጠዋት የምንጀምርባቸው ወራት ነበሩ። የመጀመሪያዎቹን 30 ዕቃዎች እየጣልን ሞልዱ በራሱ እስኪሞቅ እንጠብቅ ነበር። ከ9 ወሩ ሁሉ የሚቆጨኝ ይህ ነው። በቀዝቃዛ ስቲል ላይ የሚያርፍ ምት ከሁሉ የከፋው ነው። አሁን በዘይት ማሞቂያ 200 ዲግሪ ሳናደርስ አንጀምርም፤ የሚረጨውንም ውሃ ቀንሰናል። ስንጥቁ አልጠፋም፣ ግን መስፋፋቱ ቀስ ብሏል።

የማልወደው ክፍል የጎን ተንሸራታቹ ነው። ክዳኑ ላይ ለሽቦ ማለፊያ አንዲት የጎን ቀዳዳ አለች፤ ለእሷ ሲባል ከጎን ገብቶ የሚወጣ ተንሸራታች ተሠራ። ፍላሽ (በመጋጠሚያ ሾልኮ የሚወጣ ቀጭን ትርፍ አልሙኒየም) መጀመሪያ የታየው እሱ ጋ ነው፤ ስብርባሪ ገብቶበት ሥራ የቆመውም ሦስት ጊዜ በእሱ ምክንያት ነው። ቀዳዳዋን በኋላ በድሪል መብሳት 10 ሴኮንድ ይፈጃል። ድሮዊንጉ እንደገና በእጄ ቢገባ ተንሸራታቹን አላስገባውም።

የአየር መውጫዎቹ ጥልቀታቸው 0.12 ሚሊ ሜትር ነው፤ በየፈረቃው መጽዳት አለባቸው። አንድ ቀን ከታለፉ ዕቃው ላይ የፍሰት ምልክት ይመጣል። ዕቃውን ከሞልዱ ገፍተው የሚያወጡት ኢጀክተር ፒኖች በጉብታዎቹና በሪቦቹ ሥር ስለተቀመጡ ክዳኑ ሳይጣመም ይወጣል፤ በዚህ በኩል ቅሬታ የለኝም።

ልኩን በተመለከተ፣ ዋናው የመገጣጠሚያ ዲያሜትር ከመጀመሪያው ሳምንት እስከዛሬ የተለወጠው 0.03 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። እንዲህ ዓይነት ሞልድ የሚያዋጣው በአሥር ሺዎች ለሚቆጠር ዕቃ ነው፤ ጥቂት መቶ ክዳን ለሚፈልግ ሰው በአሸዋ ማፍሰስ ወይም ከድፍን አልሙኒየም መቁረጥ ይሻለዋል።

በዚህ ሳምንት የጌቱን ተነቃይ ክፍል አዲስ አሠርተን ልንቀይር ነው። አሮጌው ጠረጴዛዬ ላይ አለ። የሁለተኛውን ሞልድ ድሮዊንግ የምትሠራው ባልደረባዬ በጣቷ ስንጥቁን ዳሰሰችና፣ ጌቱ ጋ የነበረውን የ0.5 ሚሊ ሜትር ራዲየስ (የጥጉን ክብነት) ወደ 1.5 ለወጠችው።