ኤክሴል ለነጋዴ መዝገብ፦ የሺቶች አያያዙ ሲመዘን

በደሴና በኮምቦልቻ ሒሳባቸውን ከወፍራሙ መዝገብ ወደ ኮምፒውተር የሚያዛውሩ የእህል ነጋዴዎች አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያገኙት የሠንጠረዥ ፕሮግራሙን ማይክሮሶፍት ኤክሴልን ነው። ስለ ፎርሙላዎቹ (የስሌት ትእዛዞቹ) ብዙ ተብሏል፤ እኔ እዚህ የምመዝነው በአንድ ፋይል ውስጥ ያሉትን ሺቶች፣ ማለትም የሠንጠረዥ ገጾች፣ የሚያስተዳድርበትን መንገድ ነው፤ የዓመት ሒሳብ የሚቃናውም የሚበላሸውም እዚያ ነውና።

አዲስ ፋይል ሲከፈት ቀድሞ ሦስት ሺት ይመጣ ነበር፤ ከኤክሴል 2013 ወዲህ ግን የሚመጣው አንድ ብቻ ነው። የሺት ስም እስከ 31 ፊደል ስለሚይዝ «ማሽላ ከባቲ ገበያ» ብሎ በግዕዝ ፊደል መሰየም አያስቸግርም። እዝባር (/) ግን በስም ውስጥ አይቀበልም፤ ስለዚህ ቀን ሲጻፍ እንደ ሰረዝ ባለ ሌላ ምልክት መለየት ግድ ይሆናል።

ትልቁ ጥንካሬው ሺት ተሻግሮ መደመሩ ነው። የግብር ዘመኑ ሐምሌ 1 ተጀምሮ ሰኔ 30 የሚዘጋ ነጋዴ ለየወሩ ሺት ከፍቶ፣ የወሩን ሽያጭ በየሺቱ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ቦታ ባለው ሴል (የሠንጠረዡ ሳጥን) ላይ ካሳረፈ፣ ከሐምሌ እስከ ሰኔ ያለውን ሁሉ በአንድ አጭር ፎርሙላ ይደምርለታል። ነገር ግን ኤክሴል እዚህ ላይ የሚያየው የወሩን ስም ሳይሆን የሺቱን ቦታ መሆኑን በብርቱ ማስገንዘብ እወዳለሁ። ጳጉሜን የተረሳች መስላ በስተመጨረሻ ተከፍታ ከሰኔ በስተኋላ ከተቀመጠች፣ ሽያጯ ከዓመቱ ድምር ውጭ ይቀራል፤ ፕሮግራሙም አንዳች ማስጠንቀቂያ አይሰጥም። በአንጻሩ በወሮቹ መካከል የገባ የሙከራ ሺት፣ በዚያው ሴል ላይ ቁጥር ካለበት፣ አብሮ ይደመራል። አስተማማኙ ዘዴ «መጀመሪያ» እና «መጨረሻ» የሚባሉ ሁለት ባዶ ሺቶችን በዳርና በዳር አቁሞ ድምሩን በእነርሱ መካከል ማድረግ፣ ጳጉሜንንም በነሐሴና በመስከረም መካከል በቦታዋ ማስቀመጥ ነው።

ሺፍትን ተጭኖ ብዙ ሺቶችን በአንድነት መምረጥም እጅግ ይጠቅማል፤ አንድ ጊዜ የተጻፈ ርእስ በአሥራ ሦስቱም ላይ ይሰፍራል። ሆኖም ምርጫው ሳይፈታ ሥራው ከቀጠለ የጥቅምት ሽያጭ በየወሩ ሺት ላይ በነበረው ቁጥር ፈንታ ይገባል፤ ስለዚህ ከላይ ከፋይሉ ስም አጠገብ «ግሩፕ» የሚለው ቃል መጥፋቱን ሳያዩ መጻፍ አይገባም።

የማልቀበለው ጉድለቱ የሺት አጠፋፉ ነው። በኮምፒውተር ላይ የሚጫነው ኤክሴል ውሂብ ያለበትን ሺት ከማጥፋቱ በፊት ይጠይቃል እንጂ፣ አንዴ እሺ ከተባለ በኋላ የተሠራውን በሚመልሰው ቁልፍ፣ በኮንትሮል ዜድ፣ አይመልሰውም። በነጻ የሚገኘው ሌላው የሠንጠረዥ ፕሮግራም ሊብሬኦፊስ ካልክ የጠፋውን ሺት በዚያው ቁልፍ ይመልሳል፤ በዚህ ረገድ ያለማመንታት ካልክን አስቀድማለሁ።

ፋይሉን ከባለቤቱ ሌላ የመጋዘን ጸሐፊም የሚነካው ከሆነ፣ ሺት መደበቅ ጥበቃ እንዳልሆነ መታወቅ አለበት፤ ከግርጌ የሺት ስም በሚታይበት ታብ ላይ ራይት ክሊክ ያደረገ ሁሉ መልሶ ያወጣዋልና። የፋይሉን መዋቅር በይለፍ ቃል መቆለፍ ግን ሺት መጨመርን፣ ማጥፋትን፣ ማዛወርንና ስም መለወጥን በአንድ ጊዜ ይከለክላል፤ ሴሎቹም ለዕለት ምዝገባ ክፍት ሆነው ይቆያሉ።