ለመገጭ ዳር የትኛው ይሻላል? የወንዝ ከፍታ መለኪያዎችና የሕይወት አድን ጃኬቶች ንጽጽር

በነሐሴ ወር ደምቢያ ላይ ፀሐይ ወጥታ፣ ልብስ ተሰጥቶ፣ ከብቱ ሜዳ ላይ ተሰማርቶ ሳለ የመገጭ ወንዝ ሊሞላ ይችላል። ዝናቡ የጣለው ከጎንደር በላይ ባለው ደጋ ነው፤ ውሃው ግን ቁልቁል ተንደርድሮ ሜዳው ላይ የሚደርሰው ሰው ባልጠበቀው ሰዓት ነው። ደራሽ ውሃ መባሉም በዚህ ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በጣና ዙሪያ ደምቢያንና ፎገራን ያጥለቀለቀውን ጎርፍ ላየ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም።

በወንዙ ዳር ፓምፕ የተከሉ ገበሬዎች፣ መሻገሪያ የሚጠብቁ የቀበሌ ኮሚቴዎች፣ በጣና ዳር ጎርጎራ ላይ ጀልባ ያላቸው ሰዎች ገንዘብ ባዋጡ ቁጥር «ምን እንግዛ?» ይሉኛል። ሻጩ መሣሪያው ስንት ሚሊ ሜትር እንደሚለይ ይነግራቸዋል። እኔ የምጠይቃቸው ሌላ ነው፦ ወንዙ በእኩለ ሌሊት ቢመጣ መሣሪያው ተርፎ ያድራል ወይ? ተርፎስ ለማን ይናገራል? ከዚህ በታች ያሉትን ሁሉ ያወዳደርኳቸው በእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ነው።

ከርካሹ ልጀምር። ባለ ቁጥር ሰሌዳ ማለት በሳንቲ ሜትር የተከፋፈለ፣ አብዛኛውን ጊዜ አንድ አንድ ሜትር ሆኖ የሚሸጥ፣ በድልድይ ምሰሶ ወይም በተተከለ ብረት ላይ የሚታሰር መለኪያ ነው። ባትሪ አይፈልግም፣ ኔትወርክ አይፈልግም፣ ቁጥር የለየ ልጅ ያነበዋል። ስትገዙ በእሳት የተጋገረ የኢናሜል ቅብ ያለውን ምረጡ፤ እንደ ምጣድ ክዳን የሚያብረቀርቀው ማለቴ ነው። በተራ ቀለም የተጻፈው አሸዋና ጠጠር በተሸከመ ውሃ ተፍቆ ሁለት ክረምት ሳይሞላው ቁጥሩ ሲጠፋ አይቻለሁ። ዜሮው በበጋ ከሚታየው ዝቅተኛ ውሃ በታች ይሁን፤ ወንዙ አልጋውን እየቆፈረ ስለሚሄድ ዘንድሮ ዜሮ ያላችሁት ለከርሞ ከውሃው በላይ ተንጠልጥሎ ታገኙታላችሁ።

የሰሌዳው ጉድለት አንድ ነው፤ ሰው ካላየው አይናገርም። የተለመደው ንባብ ጠዋት 12 ሰዓትና ማታ 12 ሰዓት ነው። ከሌሊቱ 5 ሰዓት የመጣ ሙላት ሳይነጋ ሊጎድል ይችላል፤ ጠዋት የሚያነበው ሰው የሚያገኘው በቁጥቋጦ ላይ የተንጠለጠለ ገለባ ብቻ ነው። ለዚህ በጣም የምወደው ርካሽ መላ አለ። ከታች ቀዳዳ ያለው የብረት ቧንቧ፣ በውስጡ ቀጥ ያለ የእንጨት ዘንግ፣ ከግርጌው ጥቂት የተፈጨ ቡሽ ይደረጋል። ውሃው በቧንቧው ውስጥ ሲወጣ ቡሹ ይንሳፈፋል፤ ሲጎድል ከደረሰበት ከፍታ ላይ ዘንጉን ተጣብቆ ይቀራል። ጎንደር ከተማ ያለ ማንኛውም ብረት በያጅ በግማሽ ቀን ይሠራዋል። አያስጠነቅቅም፤ ነገር ግን ሌሊት የሆነውን በታማኝነት ይነግራችኋል፤ የሚቀጥለው ማስጠንቀቂያ የቱ ጋ መሆን እንዳለበትም የምታውቁት ከእሱ ነው።

ሁለተኛው በውሃ ውስጥ የሚጠለቀው የግፊት ሴንሰር ነው። ከላዩ ያለውን የውሃ ክብደት መዝኖ ከፍታውን ያሰላል። በወረቀት ላይ ሲታይ ሁሉንም ያስንቃል፦ ትንሽ ነው፣ ትክክለኛ ነው፣ ሌሊትና ቀን ይመዘግባል። ብዙ ገዢ የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። በአንድ ወቅት በአንድ የወንዝ ዳር ሥራ ላይ ይህን መሣሪያ በቧንቧ ውስጥ አስገብተን ከመሻገሪያው በላይ አስረነው ነበር። ሰኔን በሙሉ ግራፉ የሚያምር ነበር። ሐምሌ አጋማሽ ላይ መስመሩ ቀስ በቀስ ተስተካከለና ቀጥ አለ፤ ወንዙ ዓይናችን እያየ ሲወጣና ሲወርድ ሴንሰሩ ያንኑ ቁጥር ይደጋግማል። ጥቅምት ላይ ውሃው ሲጎድል ወርደን ስንቆፍር ቧንቧው ከአንድ ክንድ በላይ በሆነ ግራጫ ደለል ተቀብሯል። አፉ በጤፍ ገለባና በሥር ተወትፏል። አውጥተን አጥበን በባልዲ ውሃ ስንሞክረው ግን ደኅና ይሠራል። መሣሪያው አልተበላሸም ነበር፤ ሲለካ የከረመው ጭቃውን ነበር።

ደለል ለእኛ አገር ወንዝ እንግዳ አይደለም። የጎንደሩ የአንገረብ ግድብ ምን ያህል በደለል እንደተቸገረ የከተማው ሰው ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ ይህን ሴንሰር ለጉድጓድ ውሃ ወይም ለረጋ ውሃ እንጂ በክረምት ጭቃ ለሚጎትት ወንዝ አልመክርም። የግድ ከገዛችሁ በኬብሉ ውስጥ የአየር ቱቦ ያለውን ከሌለው ለዩ። ቱቦ የሌለው የአየሩንም ግፊት አብሮ ስለሚመዝን አየሩን ብቻ የሚለካ ሌላ ሴንሰር ከውጭ ያስፈልገዋል፤ የአየር ግፊት በአንድ ሚሊባር ሲለወጥ በንባቡ ላይ ወደ አንድ ሳንቲ ሜትር ስህተት ይገባል። ቱቦ ያለው ደግሞ እርጥበት የሚመጥጥ ከረጢት አለው፤ ያ ከረጢት በየጊዜው ካልተቀየረ የክረምቱ እርጥበት ቱቦውን ይዘጋዋል።

ቀሪዎቹ ሁለቱ ውሃውን ሳይነኩ ከድልድይ ሥር ተንጠልጥለው የሚለኩ ናቸው። አንዱ ድምፅ ልኮ የገደል ማሚቶውን ይጠብቃል፤ አልትራሳውንድ ይባላል። ሌላው በድምፅ ፈንታ የሬዲዮ ሞገድ የሚልከው ራዳር ነው። ደለል አይቀብራቸውም፣ ግንድ አይሰብራቸውም፤ ለመገጭ ዓይነት ወንዝ ምርጫው መሆን ያለበት በእነዚህ መካከል ነው። በዋጋ አልትራሳውንዱ በጣም ይረክሳል። ደካማ ጎኑ ሙቀት ነው፤ ድምፅ በሞቀ አየር ውስጥ ይፈጥናል። ውሃው 5 ሜትር ዝቅ ብሎ ቢገኝና አየሩ በ10 ዲግሪ ቢለወጥ፣ ሙቀትን የማያካክስ መሣሪያ ወደ 9 ሳንቲ ሜትር ይሳሳታል። በጎንደር በጋ በንጋትና በቀትር መካከል ያለው ልዩነት ከዚህ ይበልጣል። ስለዚህ የሙቀት ማካካሻ እንዳለው ሳታረጋግጡ አትክፈሉ። ሌላው፣ ከአፍንጫው ሥር ያለውን በአሥር ሳንቲ ሜትሮች የሚቆጠር ርቀት ማየት አይችልም፤ ዝቅ ብሎ ከተሰቀለ ትልቁ ሙላት ሲደርስበት ይታወራል። መለካት ያለበት ደግሞ ያን ጊዜ ነው።

ራዳሩ ሙቀት፣ ጉምና ነፋስ አያሳስቱትም። ዋጋው ግን ብዙ እጥፍ ነው። አንድ ማኅበር ብቻውን ባይሸከመው አይፈረድበትም፤ ከድልድዩ በታች ያሉ ሦስት አራት ቀበሌዎች ተጋርተው አንድ ቢገዙ ግን ገንዘባቸው አይባክንም። ለአንድ መሻገሪያ ብቻ ከሆነ በደንብ የተሰቀለ አልትራሳውንድ ይበቃል፤ እዚያ ላይ የጥቂት ሳንቲ ሜትር ስህተት ማንንም አይገድልም።

ከሁለቱ የትኛውንም ስትገዙ ከሴንሰሩ ይልቅ ንባቡን መዝግቦ የሚልከውን ሳጥን መርምሩ። ወሰን ሲያልፍ በራሱ አጭር መልእክት ይልካል ወይ? ሲም ካርዱን እናንተው መቀየር ትችላላችሁ ወይስ ሻጩ ቆልፎታል? ፀሐይ ሳትወጣ አንድ ሳምንት ቢደመን ባትሪው ይዘልቃል? ከፍታውን ብቻ ሳይሆን የአወጣጡን ፍጥነት አይቶ የሚያስጠነቅቅ ከተገኘ ያንን ውሰዱ፤ ደራሽ ውሃ የሚታወቀው በአወጣጡ ነውና። የሚተከልበት ቦታም የዋጋውን ያህል ያሳስባል። ውሃው በሰከንድ 2 ሜትር ቢሮጥ በሰዓት 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ መሣሪያው ከመሻገሪያው ወደ ወንዙ ላይኛው ክፍል 7 ኪሎ ሜትር ርቆ ከተተከለ የአንድ ሰዓት ጊዜ ገዛችሁ ማለት ነው። መሻገሪያው ላይ ራሱ ከተከላችሁት የገዛችሁት ቁጥር ብቻ ነው።

ስለ ቁጥር ካነሳን፣ ቀዩ መስመር፣ ማለትም «አትሻገሩ» የሚባልበት ከፍታ፣ ሰዎች ከሚገምቱት በጣም ዝቅ ይበል። 15 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው የሚሮጥ ውሃ አዋቂ ሰውን ሊጥል ይችላል፤ 30 ሳንቲ ሜትር ትንሽ መኪና ያንሳፍፋል፤ 60 ሲደርስ አብዛኛውን መኪና ይወስዳል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የሚገፋበት ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። ውሃ ሲወስድ አሳስቆ አሳስቆ የተባለው እንዲሁ አይደለም፤ ሰው ቁርጭምጭሚቱን ያየውን ውሃ ጉልበቱ ላይ ሲደርስም ይንቀዋል።

አሁን ወደ ጃኬቱ። የሕይወት አድን ጃኬት የማንሳት ኃይል በኒውተን ይጻፋል፦ 50፣ 100፣ 150፣ 275። ሃምሳው ለዋናተኛ ብቻ ነው፤ ራሱን የሳተ ሰው አይገለብጥም። መቶው ለረጋ ውሃ ይሆናል። 150 ራሱን የሳተን ሰው በአብዛኛው በጀርባው ገልብጦ ፊቱን ከውሃ ያወጣል። ለታንኳና ለአነስተኛ ጀልባ ቢያንስ መቶውን እመክራለሁ፤ ጣና ላይ ማዕበል በሚነሳበት ሰዓት ርቀው ለሚሄዱት ደግሞ 150። ባዶ ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ክዳኑ ከተዘጋ ወደ 200 ኒውተን ያነሳል፤ ግን ከእጅ ያመልጣል፤ ራሱን የሳተ ሰው ደግሞ አይጨብጠውም።

በስፖንጅ ከተሞላውና በጋዝ ከሚነፋው እኔ ያለ ማመንታት ስፖንጁን እይዛለሁ። የሚነፋው ቀላልና ለሙቀት የሚመች ቢሆንም አንዴ ከተነፋ አዲስ የጋዝ ጥይት፣ ማለትም ጋዝ የታመቀበት ትንሽ ሲሊንደር፣ ይፈልጋል፤ ያን ጥይት ጎንደር ገበያ ላይ ፈልጋችሁ ሳታገኙ ክረምቱ ያልፋል። ስፖንጁን ለመፈተን አውራ ጣት ይበቃል፦ ተጭናችሁ ስትለቁት ካልተመለሰ አሮጌ ነው።

ጎርጎራ ላይ ደረት በሚደርስ ውሃ ውስጥ ሁለት ጃኬቶችን አወዳድሬ ነበር። አንደኛው በደረቱ ላይ ታላቅ ማኅተም የታተመበት፣ አንድ መቆለፊያ ብቻ ያለው ነበር። እግሬን ከመሬት ባነሳሁ ቅጽበት ጃኬቱ ብቻውን ወጥቶ ጆሮዬ ላይ ደረሰ፤ አገጬን ወደ ላይ ገፍቶ ትከሻዬን አሰመጠው፤ በሁለት እጄ ወደ ታች ይዤው ቆየሁ። ሁለተኛው ሦስት ማሰሪያ ነበረው፤ ከውሃው እስክወጣ አልተንቀሳቀሰም። ሱቅ ውስጥ ሆናችሁም ይህን መሞከር ይቻላል፦ ለብሳችሁና አጥብቃችሁ ሌላ ሰው ከትከሻው ይዞ ወደ ላይ ይሳበው፤ ጆሮ ላይ ከደረሰ መልሱት። ለልጅ በእግር መካከል የሚያልፍ ማሰሪያና ከአንገት ኋላ መያዣ ያለው ይሁን፤ «ያድግበታል» ተብሎ ሰፋ ያለ አይገዛለት።

ገመድ ከገዛችሁ የሚንሳፈፈውን ፖሊፕሮፒሊን ግዙ፤ ናይሎን ይሰምጣል። ርዝመቱ ከ15 እስከ 25 ሜትር ይብቃ። በሚሮጥ ውሃ ውስጥ በገመድ ወገቡን የታሰረ ሰው ገመዱ ሲወጠር ወደ ታች ስለሚጎተት ማንንም በገመድ እንዳታስሩ፤ ገመዱ ይወረወርለትና በእጁ ይያዝ። ገመዱ ከመሻገሪያው አጠገብ ይሰቀል፤ ቢሮ ተቆልፎበት ከተቀመጠ ቁልፍ የያዘው ሰው እስኪፈለግ ውሃው ሰውን ወስዶ ያልፋል። ሰሌዳውንም ቧንቧውንም የምትተክሉት ከጥር እስከ ሚያዝያ፣ የወንዙ አልጋ በዓይን በሚታይበት ጊዜ ነውና ትዕዛዙን በበጋው መግቢያ ላይ ስጡ።